ከተከሳሼ ጋር ተቋጥሬ ሕግ ስማር

ክቡራትና ክቡራን፣ የዚህ ፍርድ ቤት ሰዎች፤ ድንኳን ጥላችሁ፣ በግ አርዳችሁ፣ ጠላ ጠምቃችሁ ስለምትሸኙኝ እግዚአብሔር ያክብራችሁ። በጉ ትንሽ ነው። ቢሆንም ተመስገን።

እኔ አዘዘ ፊደል አልቆጠርኩም። የምናገረውን ጸሐፊያችን ዋኘው እግር በእግር ይጽፈዋል። ዋኘው፣ «በጉ ትንሽ ነው» ያልኩትን ጻፍከው? አትዝለል።

አንዳንዶቻችሁ አዲስ ናችሁ። «ይህ ሽማግሌ ምነው ከዳኛው ጎን አይለይ? ጋቢውስ ምነው ከዳኛው ካፖርት ጋር ተቋጠረ?» እያላችሁ ትንሾካሾካላችሁ። ጆሮዬ ደህና ነው። ሳትጠይቁኝ ልንገራችሁ።

ክቡር ዳኛ ማሩ ተከሳሼ ናቸው። እኔ ከሳሻቸው ነኝ።

ጸቡ የተነሣው ጣሊያን ከወጣ በኋላ፣ አምባ ጊዮርጊስ፣ አውቶቡስ ውስጥ ነው። እኔ ከገበያ በግ ይዤ ገባሁና ከፊት ወንበር ተቀመጥኩ። ይህ ዛሬ ክቡር የምንለው ሰው ያኔ ጎረምሳ ነው፤ አዲስ አበባ ተምሮ እናቱን ሊሰናበት የመጣ፣ ካፖርት የደረበ።

«ተነሥ፤ ወንበሩ ለሰው ነው» አለኝ።

«እኔስ?» አልኩት።

«አንተ ደግሞ ሰው ነህ?» አለኝ።

አውቶቡሱ ሳቀ። በጉም የሳቀ መሰለኝ።

እኔ አዘዘ፣ የወልደኢየሱስ ልጅ፣ ጣሊያንን በዱር በገደል ያሯሯጥኩ፣ በገበያተኛ ፊት ሰውነቴ ይጠየቅ? «በሕግ አምላክ! በጃንሆይ አምላክ!» አልኩና የጋቢዬን ጫፍ በካፖርቱ የቁልፍ ቀዳዳ አሾልኬ ቋጠርኩት። ያገራችን ወግ ነው፤ ከሳሽና ተከሳሽ ተቆራኝተው ይሄዳሉ፤ ዳኛ ሳይፈርድ አይፈቱም።

«ቁራኛ እኮ ቀርቷል» አለኝ።

ማን አስቀረው? እኔ ሳልሰማ እንዴት ይቀራል?

ጎንደር ስንደርስ ዳኛ የለም። ለተዝካር ደባርቅ ሄዷል፤ «ከፋሲካ በኋላ ተመለሱ» ተባልን። ልጁ ሊያለቅስ ደረሰ። ለካ በማግስቱ ስዊድን አገር ሊሄድ ኖሯል፤ ማስተርስ የሚሉትን ትምህርት እንግዳ ተማሪ ሆኖ ሊማር።

«የምን ትምህርት ነው?» አልኩት።

«የሰው ልጅ መብት ሕግ» አለኝ።

ሸጋ! ሰው ማን እንደሆነ ሳያውቅ የሰውን መብት! «እንግዲያው አብሬህ እሄዳለሁ» አልኩት።

አዘዞ አውሮፕላን ሜዳ ላይ ትኬት ቆራጩ ጋቢውን አየ፣ እኔን አየ። «እኝህ ሰው ትኬት አላቸው?» አለ።

ልጁ ምን ቢል ጥሩ ነው? «ሰው መሆናቸው ገና በክርክር ላይ ነው» አለ። በአንቱታ ካደኝ! ትኬት ቆራጩም ሕግ አክባሪ ነበርና ከሻንጣው ጋር ሚዛን ላይ አወጣኝ። ከሻንጣው በለጥኩ። ኮራሁ።

ስዊድን ፀሐይ በብርድ ወራት መውጣት ትረሳለች። እኔ ደግሞ ጾም የምፈታው ጥላዬን ለክቼ ነው። ጥላ የሌለበት አገር ጾም እንዴት ይፈታል? ከስቼ ልወድቅ ስል ልጁ ሰዓቱን እያየ «አያ አዘዘ፣ ዘጠኝ ሰዓት ሆኗል፤ ይብሉ» ይለኝ ጀመር። ተከሳሽ ቢሆንም ጨካኝ አልነበረም።

ትምህርት ቤቱ ውስጥ ጎን ለጎን ተቀመጥን። መምህሩ ጢማም ሽማግሌ ነው። «እኝህስ ማን ናቸው?» ሲለው ልጁ «ከሳሼ ናቸው» አለ። መምህሩ መጥቶ እጄን ጨበጠኝ። ዕድሜውን ሙሉ መብት ሲያስተምር ከሳሽ በዓይኑ አይቶ አያውቅም መሰለኝ።

አንድ ቀን ሰሌዳው ላይ ጻፈ። ልጁ ሲተረጉምልኝ «ሰው ሁሉ በክብር እኩል ነው» ይላል። ብድግ አልኩ። «ጌታዬ፣ በል ፍረድልኝ!»

«እኔ አስተማሪ ነኝ፤ መፍረድ አልችልም» አለ።

«የማትፈርድበትን ነገር ታዲያ ምን ያስተምርሃል?» አልኩት። ይህንን ልጁ ሳይተረጉመው ቀረ፤ መልሱን እስከ ዛሬ አላገኘሁም።

ስንወጣ ልጁን ያዝኩት። «ሰሌዳው መስክሯል፤ እመን።»

«ሰሌዳው የሚናገረው ስለ ሰው ነው» አለኝ። «የእኛ ክርክር ደግሞ እርስዎ ሰው ነዎት ወይ የሚል ነው።»

አያችሁ? ትምህርቱ ገብቶታል።

የፈተና ዕለት ጠባቂዋ «በአንድ ወንበር አንድ ሰው ብቻ» ብትለው፣ «ያለውም አንድ ሰው ነው» አላት። ይህንን ሁለተኛ ክስ አድርጌ ያዝኩበት። ሲመረቅ ጥቁሩን ካባ ለሁለታችን ደረቡልን። ፎቶግራፉ ቢሮ ተሰቅሏል፤ ባለ ሁለት ራሱ ክቡር ዳኛ ናቸው።

ጎንደር ስንመለስ የቀድሞው ዳኛ ተነሥቷል። «አዲሱ ዳኛ ማነው?» ብንል ልጁ ራሱ ነው! ሹመቱ ቀድሞት ደርሷል። ክሴን አቀረብኩ። ዳኛው «ተከሳሽ አለ?» ብለው ጠየቁ። «አለሁ» ብለው ራሳቸው መለሱ። «ዳኛ በራሱ ጉዳይ አይፈርድም» ብለው ቀጠሮ ሰጡ። ይኸው እስከ ዛሬ ቀጠሮ ነው።

ከወንበራቸው ጎን ስቆም ባለጉዳይ ሁሉ ችሎት አስከባሪ እየመሰልኩት እጅ ይነሣኝ ጀመር። ኋላ ካኪ ልብስ ተሰጠኝ፣ ደመወዝም ተከተለ። ባልደረባችሁ የሆንኩት እንዲህ ነው። እኔን ያስቀጠረኝ ስድብ ነው።

ቤታችንም ጎን ለጎን ሆነ። ሚስቴ ሽታዬ በጋቢ ላይ ጋቢ እየቀጠለች በአጥሩ ቀዳዳ አሾለከችው። ዳኛው ሲያስነጥሱ የእኔ ትከሻ ይሳባል። «ይማርዎ» እላለሁ። ተከሳሽም ያስነጥሳል።

አሁን ጡረታ ወጣህ ተባልኩ። ወደ አምባ ጊዮርጊስ፣ ወደ እርሻዬ ልገባ ነው። ግን ሰው ሆኜ ነው የምገባው ወይስ ሳልሆን? ነገ ብሞት ቄሱ ምን ብሎ ይፍታኝ? እንቅልፍ የነሣኝ ይህ ነው። ፍርድ ሳላገኝ ከዚህ ድንኳን አልወጣም።

በጥንቱ ወግ ዳኛ ከታጣ መንገደኛም ይፈርዳል። ትርንጎ! ነይ አንቺ! ለማታውቋት፣ ከችሎቱ ደጅ ሻይ የምትሸጥልን ትርንጎ ናት። በሕግ አምላክ ብያለሁ፤ ማንቆርቆሪያውን አስቀምጪና ፍረጂ። ሰው ነኝ ወይስ አይደለሁም?

ምን አልሽ? ጮክ በይ፤ ዋኘው ይጽፋል።

«በሬ እንኳ ቀንበሩ ሲወርድለት ሄዶ ሣር ይግጣል» ትላለች። «አህያም ለአንድ ቃል ብላ ባሕር አትሻገርም። እንዲህ የሚጃጃል ሰው ብቻ ነው። አያ አዘዘ ሰው ናቸው፤ ክቡር ዳኛውም እንዲሁ። አሁን ያንን ጋቢ ፍቱልኝ፤ እየጠለፈኝ ብርጭቆ ሰብሬ ጨረስኩ።»

አትሳቁ! ፍርድ ነው! ዋኘው፣ «ሰው ናቸው» የሚለውን በትልቁ ጻፈው።

ክቡር ዳኛ፣ ምነው ተነሡ? ይናገሩ እንጂ።

«አያ አዘዘ፣ ሰው ነዎት» አሉ! ሰማችሁ? በገዛ አፋቸው፣ በሰው ፊት! እስቲ ይድገሙት።

«ሰው ነዎት። ያን ዕለትም አውቀው ነበር» አሉ።

እሰይ! በሉ እንግዲህ እጅዎን ያንሡልኝ፤ ቋጠሮውን ልፍታው። ምን? «ይግባኝ»? አንተ ልጅ፣ ካመንክ በኋላ የምን ይግባኝ ነው?

«ሰውነትዎን አምኛለሁ» ይላሉ። «ይግባኝ የምለው በመፈታታችን ላይ ብቻ ነው።»

ዋኘው፣ ትንሽ ቆይ። አትጻፍ።

በል ጻፍ። ይግባኝ የሰው ሁሉ መብት ነው፤ ስዊድን ተምሬዋለሁ። ይግባኙ እስኪሰማ ቁራኛው እንዳለ ነው። ማሩ፣ እንሂድ፤ አውቶቡሱ ሳይሞላ። ሚስትህ ወለተሩፋኤልም ትምጣ። ገብሱ ለአጨዳ ደርሷል፤ የተማረ ክንድም ያጭዳል። ችሎቱ ቀጠሮ ይስጥ፤ ለምዶታል።

እናንተም ባልደረቦቼ፣ ወንበራችሁ ይጽና፣ ቀጠሯችሁ ይጠር። ልጆቻችሁ ባሕር ተሻግረው ይማሩ፤ ተምረውም ሰው ይወቁ። ሽበት ያድላችሁ፣ ደጃችሁ ከእንግዳ አይራቅ። ሰይጣን ማጣላቱ ካልቀረም፣ መለያየት ከሚከብዳችሁ ሰው ጋር ያጣላችሁ።

አሜን በሉ እንጂ!