ሃያ ወንበር ለአበባ

የተከበራችሁ አባቶቻችን ካህናት፣ የዕድራችን ዳኛ አቶ ሀብተሥላሴ፣ የሳንሱሲ ጎረቤቶች፣ ከአየር ጤና ጋራዥ ሥራ ዘግታችሁ የመጣችሁ ባልደረቦቻችን፣ የባምላኩ ባለቤት አስካለማርያም እህቴ፣ ልጃቸው ራኬብ፣ እግዚአብሔር ያጽናችሁ። ይህን ሁሉ ሰው ፀሐይ ላይ አቁሜ ብዙ ማውራት አልፈልግም። ግን ያሰብኩትን ሳልጨርስ ከዚህ አልወርድም። ቆጣ ካልኩ ይቅር በሉኝ። ተናድጃለሁ። ሐዘን ብቻ ቢሆን ኖሮ ይሻለኝ ነበር።

ለማታውቁኝ፣ ታዲዮስ እባላለሁ። ከባምላኩ ጋር ሃያ ስድስት ዓመት አንድ ጋራዥ ሠርተናል። እሱ ሞተር፣ እኔ ኤሌክትሪክ። ጦር ኃይሎች ላይ ታክሲ ስንጋፋ አብረን ነው ያረጀነው። የዕድራችንም ጸሐፊ ነኝ። ይህችን የመጨረሻዋን ያዙልኝ፤ እመለስባታለሁ።

ከአሥራ ሁለት ዓመት በፊት ባምላኩ ለሥልጠና ጃፓን ተላከ። ዘጠኝ ወር ቆየ። ሲመለስ ምን ይዞ መጣ? እኛ ቴሌቪዥን ጠብቀን ነበር። እሱ ያመጣው በመሐረብ የተቋጠረ ሰባት ፍሬ ነው። የሳኩራ፣ የጃፓኖች የአበባ ዛፍ ፍሬ። ከተራራ ዛፍ ሥር የለቀመው።

ምሳ ሰዓት ላይ፣ እጁ ዘይት እንደሆነ፣ ስንት ጊዜ አወራልን! «ስሙኝ እንጂ» ይላል። «ሳኩራ ሲያብብ አገሩ በሙሉ ይወጣል። አበባው ዛሬ እገሌ ከተማ ደረሰ ተብሎ በዜና ይነገራል። የእኛ ፋብሪካ ግማሽ ቀን ቆመ። አንዱ ማለዳ ሄዶ ዛፍ ሥር ሸራ አንጥፎ ቦታ ያዘ። ከዚያ ሥራ አስኪያጁም፣ የጽዳት ሠራተኛዋም፣ እኔም፣ ጫማችንን አውልቀን አንድ ሸራ ላይ ተቀመጥን። ምሳችንን በላን። ቀና ብለን አየን።»

«ከዚያስ?» አልኩት።

«በቃ።»

«በቃ ምን?»

«በቃ፣ አየን።»

እንዴት ሳቅን! አማኑ፣ አለህ? አንተ ነህ «ፍሬው ይበላል?» ያልከው። «አበባው ነው የሚታየው፤ እሱም ሳምንት ቆይቶ ይረግፋል» ሲልህ፣ «ታዲያ ለሳምንት ይሄ ሁሉ ግርግር!» አልክ። ምን ብሎ መለሰልህ? «ሳምንት ስለሆነ እኮ ነው። ዓመቱን ሙሉ ቢኖርማ እነሱም እንደኛ ነገ እናየዋለን ይሉ ነበር።»

ፍሬው ብርድ ካላየ አይበቅልም ብሎ ፍሪጅ ውስጥ ከተተው። ሦስት ወር! አስካል፣ ከቅቤሽ ጎን። ልትጥዪው ስትይ «ከእሱ እኔን ጣዪኝ» ብሎሽ ነበር። ከሰባቱ አንዱ በቀለ፤ ግቢው ውስጥ ተከለው። ከዚያ ደግሞ ዛፉም ብርድ ካላገኘ አያብብም አለን። ዓመት ጠበቀ። ሁለት ዓመት። አምስት። አሥር። ቅጠል ብቻ! በታኅሣሥ እኛ ካፖርት ደርበን ስንንቀጠቀጥ እሱ «ዘንድሮ ጥሩ ብርድ ነው» እያለ እጁን ያፋትጋል። ሰው በብርድ ደስ ይለዋል? ባምላኩን ደስ ይለው ነበር።

ዘንድሮ፣ የካቲት አጋማሽ ላይ፣ አበበ።

በር ለበር ዞረ። ስድሳ አንድ ዓመቱ ነው፤ እንደ ልጅ እየሮጠ ዞረ። «አበበልኝ፤ ኑና እዩልኝ።» ምን አልነው? አንዱ ስብሰባ አለኝ፣ ነገ አለው። አንዷ ልብስ ዘፍዝፌአለሁ፣ ነገ አለችው። አሁን እዚህ ቆማችሁ ነጠላችሁን የምትነክሱ፣ ነገ ያላላችሁት ማን ናችሁ? እጃችሁን አታውጡ። እኔ የባሰ ሠርቻለሁ።

ቤቴ መጣ። «ታዲዮስ፣ ሰው የሚመጣው መቀመጫ ሲያይ ነው። ከዕድሩ ሃያ ወንበር ስጠኝ። ለአንድ እሑድ ብቻ።» ወንበሩ የት ነበር? መጋዘን ውስጥ፣ ተደራርቦ፣ አቧራ ለብሶ። ቁልፉስ? ኪሴ ውስጥ። እኔስ ምን አልኩ? ደንቡ አይፈቅድም። ወንበር የሚወጣው ለለቅሶ ነው። ከፈለግህ ማመልከቻ አስገባ፣ ኮሚቴው በወሩ መጨረሻ ያየዋል አልኩት። የሃያ ስድስት ዓመት ጓደኛዬን ማመልከቻ አስገባ አልኩት!

አስገባም። ይኸው፣ በእጄ ነው። ስሙት። «ጉዳዩ፦ ሃያ ወንበር ለአበባ ማያ እንዲፈቀድልኝ ስለመጠየቅ። አበባው ከስምንት ቀን በላይ የማይቆይ በመሆኑ አስቸኳይ ውሳኔ እንዲሰጠኝ በትሕትና አመለክታለሁ።» ከግርጌው የእኔ ፊርማ አለ። «ደርሷል» ይላል። ማኅተምም መትቼበታለሁ።

ኮሚቴው በወሩ መጨረሻ ተሰበሰበ። አቶ ሀብተሥላሴ፣ ሳነበው እርስዎ ሳቁ። እኔም ሳቅሁ። ከዚያ ደንቡ አይፈቅድም ብለን ውድቅ አደረግነው። አበባው ከረገፈ አምስት ቀን ሆኖት ነበር።

ረግፎ ከማለቁ በፊት አንድ ጠዋት በበሩ ሳልፍ ባምላኩን አይቼዋለሁ። ሁለት የለስላሳ ሳጥን ደፍቶ አንዱ ላይ ተቀምጧል። ሌላው ባዶ ነው። አበባው እየረገፈ ነበር። ትከሻው ላይ አለ፣ ራሱ ላይ አለ፣ አያራግፈውም። «ታዲ፣ ና ቁጭ በል። እነሱ ሲረግፍም ለማየት ይወጣሉ እኮ» አለኝ። ነገ አልኩት። ታክሲ እንዳያመልጠኝ። ታክሲ!

አንተም ባምላኩ! አንተም ታናድደኛለህ። ለምን አልጮኽክብኝም? አንድ ብሎን ላልቶ ሲያገኝ ጋራዡን የሚቀውጥ ሰው፣ ለእኔ ሲሆን «በትሕትና»? ቁልፉን ከኪሴ ብትመነትፈኝ ምን እልህ ነበር? እሺ፣ እንሰዳደብ ነበር። ግን ወንበሩ ይወጣ ነበር።

ትናንት ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ልቡ ቆመ። ሦስት ሰዓት ሳይሞላ ሁለት መቶ ወንበር ግቢው ውስጥ ነበር። ማመልከቻ ማን ጻፈ? ኮሚቴ ማን ጠራ? መጋዘኑን የከፈትኩት እኔው ነኝ፤ እየሮጥኩ። እናንተም ሮጣችሁ መጣችሁ። ስብሰባ የነበረው የለም፣ ልብስ የዘፈዘፈ የለም። እሱ የለመነን ሃያ ሰው ብቻ ነበር፤ ትናንት ያ ዛፍ ሥር ስንት ሰው ተቀመጠ? ከመካከላችሁ ቀና ብሎ ያየ አለ? አሁን ቅጠል ነው። ሚያዝያ ነው።

ድንኳኑ ለምን ጠመመ እያላችሁ ስታጉረመርሙ ሰምቻለሁ። ልንገራችሁ። ተካዮቹ ቅርንጫፉ አላስኬድ አለን ብለው መጋዝ አነሱ። አስካል የባሏን ሬሳ ትታ ወጣች። «ዛፉን ከነካችሁ ድንኳናችሁን ጠቅልላችሁ ሂዱ። ፀሐይ ላይ አለቅሳለሁ» አለቻቸው። ስለዚህ ጠመመ። ይጥመም!

አቶ ሀብተሥላሴ፣ ይስሙኝ። እርስዎን ማሳፈሬ አይደለም፤ ጥፋቱ የእኔም ነው። ግን ለቅሶው ሲያበቃ ሃያ ወንበር ወደ መጋዘን አይመለስም። እዚያው አስካል ግቢ ይቀመጣል፤ እስከ የካቲት። ደንቡን አውቀዋለሁ፤ በእጄ የጻፍኩት ነው። ደንብ የጣሰ አባል ከዕድሩ ይሰረዛል ይላል። ሰርዙኝ። ስሞት ድንኳንም ወንበርም አትላኩልኝ። ወንበሮቹን ልውሰድ ብሎ የሚመጣ ሰው ግን፣ መጀመሪያ አንዱ ላይ ይቀመጥና ዛፉን ይየው። ከዚያ መውሰድ ከቻለ ይውሰድ።

ባምላኩ፣ ወንድሜ። ዛሬ ማለዳ ማመልከቻህ ላይ «ተፈቅዷል» ብዬ ፈርሜበታለሁ። ማንንም አላማከርኩም። እግዚአብሔር ማመልከቻ በማይጠየቅበት ቤቱ ይቀበልህ።

ያ ባዶ ሳጥን አሁንም ዛፉ ሥር አለ። ትናንት አንድ ሰው ግቢውን ላጽዳ ብሎ ሊያነሳው ሲል እጁን ያዝኩት። ማንም እንዳያነሳው። ከዚህ ስመለስ የምቀመጠው እዚያ ነው። አበባ እንደሌለ አውቃለሁ።

ደህና ሁን፣ ባምላኩ። ዛሬ መጣሁ።