ይሉኝታ የሌለው ደዋይ

ከሐኑካ በዓል በኋላ በዋለው የመጀመሪያ እሁድ፣ ረፋድ ላይ፣ በእስራኤል አገር፣ በአሽቀሎን ከተማ ማዕከላዊ አውቶቡስ ጣቢያ አንድ አግዳሚ ወንበር ላይ ሦስት ሰዎች ተገኝተን ነበር፤ ጋሼ ደርሶ፣ ሺራን የምትባል ወጣትና እኔ። እነሱ የመጡት በአጋጣሚ ነው። እኔ እዚያ የተቀመጥኩት ግን ሁለቱንም ለመሸሽ ነበር።

የምሸሽበትን ምክንያት ላስረዳ። ሠርጌ አሥራ አንድ ቀን ቀርቶታል። የአዳራሹ ባለቤት ይሁዳ ስንት እንግዳ እንደሚመጣ እስከ ሐሙስ ድረስ እንዳሳውቀው አጥብቆ ነግሮኛል። ወጣቶቹ በስልካቸው ጽፈው መልስ ሰጥተዋል። የቀሩት አማርኛ ብቻ የሚሰሙ ሦስት መቶ ሰማንያ አዛውንት ናቸውና ለእነሱ መደወል ያስፈልጋል። እኔ ደግሞ ስልክ ሳነሣ አፌ የሚተሳሰር ሰው ነኝ። ለጥርስ ሐኪም ቀጠሮ እንኳ የምትይዝልኝ እጮኛዬ ኤላ ናት።

ለዚህ ሥራ ጋሼ ደርሶ አሉ። ዕድሜያቸው ስልሳ ስምንት ነው። አዳራሹ ቀጥሯቸው ላለፉት አሥራ ሁለት ዓመታት አማርኛ ተናጋሪውን እንግዳ በስልክ እየጠየቁ ማን እንደሚመጣና ማን እንደሚቀር ሲያሳውቁ የኖሩት እሳቸው ናቸው። «የአንተንም ሠርግ እኔ ነኝ የምጠራልህ» ሲሉኝ «እሺ ጋሼ» አልኩ። በማግሥቱ ሺራን መጣች። አማርኛ የሚናገር ደዋይ ማሽን እንዳዘጋጀች፣ ይሁዳም በሠርጌ ሊሞክረው እንዳሰበ፣ ከተሳካም ከእንግዲህ በጋሼ ደርሶ ፋንታ እሱን እንደሚያሠራ ነገረችኝ። «በሴዴር» አልኳት፣ በእብራይስጥ እሺ ማለት ነው። ለሁለት ሰው እሺ ማለት ለአንዱ እንቢ ማለት መሆኑ የገባኝ ቤት ገብቼ ጫማዬን ሳወልቅ ነው። ኤላ ነገሩን ስትሰማ ለአንዳቸው ቁርጡን እንድነግር አዘዘችኝ። ለእሷም እሺ አልኳት።

እንግዲህ በዚያ እሁድ ጋሼ ደርሶ ከክሊኒክ ሲመለሱ በቀኜ ተቀመጡ። ሺራንም ከባቡር ጣቢያ ከሚመጣው አውቶቡስ ወርዳ በግራዬ ተቀመጠች። ጋሼ ደርሶ የስም ዝርዝሩን እስካሁን ለምን እንዳልሰጠኋቸው ጠየቁኝ። ሺራን ዝርዝሩ እሷ ጋ እንዳለ ነገረቻቸው። እኔ የአውቶቡሶቹን መነሻ ሰዓት ከሰሌዳው ላይ ማንበብ ጀመርኩ።

«አንቺ ጋ ምን ያደርጋል?» አሉ ጋሼ ደርሶ።

ሺራን ሳትደብቅ ሁሉን ነገረቻቸው። ማሽኑ በእብራይስጥ ቢና መላኹቲት፣ በአማርኛ ደግሞ ሰው ሠራሽ አስተውሎት በሚባለው ጥበብ እንደሚሠራና ለሦስት መቶ ሰማንያው ሰው በሁለት ቀን ደውሎ እንደሚጨርስ አስረዳች።

«አስተውሎቱን ማን አየለት?» አሉ ጋሼ ደርሶ። «እኔ ስደውል መጀመሪያ ጤና እጠይቃለሁ። ቀጥሎ ልጆችን፣ ቀጥሎ የታመመ ካለ እሱን። ሠርጉን የማነሣው በመጨረሻ ነው። ሰው እንደ ዕቃ አይቆጠርም፣ ልጄ። ይሄ የአንቺ ማሽን ይሉኝታ አለው?»

«የለውም።»

«ይሉኝታ የሌለው፣ ሰው አይጠራም። ጨርሰናል።»

«አልጨረስንም ጋሼ ደርሶ። በቀን ስንት ሰው ይደውሉልዎታል?»

«እኔ ነኝ የምደውለው» አሉ አነጋገሯን እያረሙ። «ለአሥራ አንድ። ከበረታሁ ለአሥራ ሁለት።»

ሺራን በጣቷ አየር ላይ አካፈለች። «ሠላሳ አምስት ቀን ይፈጃል። ሠርጉ በአሥራ አንድ ቀን ነው።»

«ለዚህማ መላ አለው» አሉ እሳቸው፣ ጥቂት ዝቅ ባለ ድምፅ። «ለግማሹ እደውላለሁ፣ ግማሹን ሳልደውል አውቀዋለሁ።»

እዚህ ላይ አንባቢ ጋሼ ደርሶን እንዳይንቃቸው እለምናለሁ። ሠፈራችን እንዲህ ሲኖር ቆይቷል። ለሠርግ የተጠራ ሰው አልመጣም ማለት እንደ ስድብ ስለሚቆጠር ሁሉም እሺ ይላል፤ ከዚያ ግማሹ ይቀራል። ባለፈው ክረምት በአንድ ዘመዴ ሠርግ ምግቡ በየጠረጴዛው ሳይነካ ተመልሷል፤ ሙሽሪት ስድስት ባዶ ጠረጴዛ ፊት ለፊት ቁጭ ብላ አይቻታለሁ። እሺ ካሉት መካከል እኔም አለሁበት። ያን ቀን በሥራ ፈረቃ ላይ ነበርኩና በመጨረሻ ሰዓት ብቻ ነው ብቅ ያልኩት።

ጋሼ ደርሶ ግን በሌላ መንገድ መጡባት። «አንቺ በሰው እንጀራ ትገቢያለሽ?»

ሺራን አልተቆጣችም። እሷም በእብራይስጥ ከሚደውሉ ስድስት ሴቶች አንዷ እንደነበረች፣ የዛሬ ሁለት ዓመት ማሽን መጥቶ ስድስቱም በአንድ ቀን እንደተሰናበቱ ነገረቻቸው። ሦስቱ ሌላ ሥራ አግኝተዋል፣ ሁለቱ እስካሁን ይፈልጋሉ። እሷ ግን ያባረራትን ማሽን እንዴት እንደሚታዘዝ ለመማር ስምንት ወር ኮርስ ገባች። «አልወደድኩትም ነበር ጋሼ። ግን እኔ ስላልወደድኩት ተመልሶ አልሄደም። ናኾን፣ ልክ አይደለም?»

ጋሼ ደርሶ ነገሩ በፈተና ይለይ አሉ። ሺራንም ተስማማች። ማሽኑ ለሁሉም ይደውላል። መልሱ ተቀርጾ ጋሼ ደርሶ ይሰሙታል፤ የራሳቸውን ቁጥርም ይናገራሉ። ከሁለቱ ለይሁዳ የሚሰጠውን ቁጥር የምመርጠው እኔ ሆንኩ። እሺ አልኩ።

ረቡዕ ከፈረቃዬ ስወጣ ማሪና ላይ፣ ጀልባዎቹ ፊት ለፊት ባለ ወንበር ተገናኘን። ጋሼ ደርሶ የሰንበት ኮፍያቸውን አድርገዋል። ሺራን ላፕቶፗን ጉልበቷ ላይ ዘርግታ ውጤቱን አነበበች። ሦስት መቶ ስልሳ አንድ ይመጣሉ፣ ሁለት አይመጡም፣ አሥራ ሰባት ስልክ አላነሡም።

ጋሼ ደርሶ እስኪያስላቸው ሳቁ። «እንቢ ያሉት ሁለቱ እነማን ናቸው? እነሱ እንኳ አገሩን ለምደዋል።»

መጀመሪያ የእማማ ዘነቡን ድምፅ ከፈተች። ማሽኑ በትሑት የወንድ ድምፅ ሰላምታ ሰጠ፣ ንግግሩ እንደሚቀረጽም አስታወቀ። እማማ ዘነቡ ጉሮሯቸውን አጸዱ።

«የማን ልጅ ነህ?»

«እማማ፣ እኔ ሰው አይደለሁም። የስልክ ረዳት ነኝ።»

«እንዲህ አትበል ልጄ። ማን ነው ሰው አይደለህም ያለህ?»

«ማንም አላለኝም፣ እማማ። የተሠራሁት በኮምፒውተር ነው።»

«አይዞህ። ሁላችንም ወደዚህ አገር ስንመጣ ብዙ ተብለናል። በል ለሠርጉ ና፣ አጠገቤ ትቀመጣለህ። አብዝተህ ብላ፣ ድምፅህ ከስቷል።»

ማሽኑ ይህን «ትመጣለች፣ ከአንድ ተጨማሪ እንግዳ ጋር» ብሎ መዝግቦታል።

«እሷስ ትመጣለች» አሉ ጋሼ ደርሶ እንባቸውን እየጠረጉ። «ቀጥይ።»

ቀጥሎ አባባ ካሣሁን ለሙሽሮቹ ረጅም ምርቃት አወረዱና «ፈጣሪ ካለ ምን ገዶኝ» አሉ። ማሽኑ ይመጣል ብሏል። ጋሼ ደርሶ አይመጣም አሉ። ሺራን እንዴት እንዳወቁ ጠየቀቻቸው።

«አብዝቶ የመረቀ አይመጣም፤ ምርቃቱን የላከው በራሱ ፈንታ ነው። መንገዱ ራቀኝ፣ ጉልበቴን አመመኝ ብሎ ያማረረ ይመጣል፤ ማን ያመጣኛል ማለቱ ነው። ሌላ ማን ተጠራ ብሎ የጠየቀ ደግሞ ከሁሉ ቀድሞ ይደርሳል።»

ሺራን እየጻፈች ነበር። በቀልድ መስሎኝ ነበር፤ ስመለከት ከልቧ ነው። እንዲህ እያሉ፣ ከየሰዉ ጥቂት ጥቂት ቃል ብቻ እየሰሙ፣ እስከ ማምሻው ዘለቁ። ጋሼ ደርሶ ይመጣሉ ያሏቸው ሰዎች ቁጥር ሁለት መቶ ሃምሳ ላይ ቆመ።

«አሁንስ?» አሉ ወደ እኔ ዞረው። «ማሽኑ መቶ አሥራ አንድ ባዶ ወንበር ሊያስቀምጥልህ ነበር። ፍረድ።»

አፌን ስከፍት ሺራን አንድ ድምፅ እንደቀረ ተናገረች። «ይህቺን ሴት እርስዎ በሦስት ዓመት ውስጥ ለአንድም ሠርግ አልደወሉላትም። በቀድሞ ዝርዝሮችዎ ላይ ስሟ ሁልጊዜ ተሰርዟል። ማሽኑ ግን አያውቅምና ደወለ።»

የእማማ ሸጌ ድምፅ ነበር። እመጣለሁ አሉ፤ ጉልበታቸውን እንደሚያማቸውም ተናገሩ። ከዚያ ሌላ ነገር ጠየቁ።

«ልጄ፣ ደርሶ የሚባል ሰው ታውቃለህ? ድሮ ለሠርግ የሚጠራን እሱ ነበር። ሞቶ ይሆን ብዬ ሰው መጠየቅ ፈራሁ። በሕይወት ካለ፣ ሸጌ አልተቀየመችም በለው።»

«መልእክትዎን አደርሳለሁ፣ እማማ» አለ ማሽኑ።

ጋሼ ደርሶ ኮፍያቸውን አውልቀው ጭናቸው ላይ አስቀመጡ። የእማማ ሸጌ ባል ሲሞት ጋሼ ደርሶ ራሳቸው ታመው ሆስፒታል ተኝተው ስለነበር ለቅሶ ሳይደርሱ ቀሩ። ከሆስፒታል ሲወጡ ወሩ አልፏል፤ ለመሄድ አፈሩ። በሚቀጥለው ወር የባሰ አፈሩ። ከዚያ የእማማ ሸጌን ስም በዝርዝሩ ባዩ ቁጥር እያለፉት ሦስት ዓመት ሆነ። ይህን ሁሉ የነገሩን ባሕሩን እያዩ ነው።

«ይሉኝታ ነው» አሉ በመጨረሻ። «እኔ ይሉኝታ ስላለኝ አልደወልኩም። እሱ ስለሌለው ደወለ።»

«የእኔ ማሽን እሺ ሲባል እሺ ብቻ ነው የሚሰማው» አለች ሺራን። «የሚቀረውን የሰሙት እርስዎ ነዎት። እኔ ብቻዬን ብሆን ነገ ለይሁዳ የውሸት ቁጥር ይዤለት እሄድ ነበር።»

«እንግዲያ እሱ ይደውል፤ እኔ ልስማ። ያመመውን፣ ያዘነውን፣ የተቀየመውን ለይተሽ ስጪኝ፣ ለእነሱ እኔ ራሴ እደውላለሁ። በቀን አሥራ አንድ ሰው ለዚያ ይበቃል።» ጥቂት አሰቡና ጨመሩ። «ደግሞ ማሽንሽን አንድ ነገር አስተምሪው። መጀመሪያ ላይ ‹ባይመጡም ማንም አይቀየምም› ይበል። ሰው እንቢ ማለት ካልተፈቀደለት እሺታው ምን ዋጋ አለው?»

ይህን የምጽፈው ስለዚህ ንግግር ነው። ማሽኑ ሥራ ይወስዳል፤ ከሺራን ጓደኞች የሁለቱን ወስዶ አልመለሰም፣ ይህን መሸፈን አልፈልግም። ከጋሼ ደርሶ የወሰደው ግን የሚያደክማቸውን መደወል ነው፤ ማንም ሥራ ብሎ ያልቆጠረው ሰምቶ የመለየት ዕውቀታቸው ዛሬ ይሁዳ ደመወዝ የሚከፍልበት ሥራ ሆነ። ሺራንም ማሽኗ የሚጎድለውን አወቀች። ምግብ አይደፋም፣ ሙሽራ ባዶ ጠረጴዛ አያይም፣ የተረሳች ባልቴትም ትጠራለች። ይህ ሁሉ የመጣው ሽማግሌው ለመማር፣ ወጣቷም ለመጠየቅ ስላላፈሩ ነው። አልችልም የሚለውን ቃል ግን ማንም ማሽን አይልልንም። እሱን ራሳችን መልመድ አለብን።

ጋሼ ደርሶ እዚያው ለእማማ ሸጌ ደወሉ። እኔና ሺራን ተነሥተን ጀልባ ልናይ ሄድን። ስንመለስ ገና ጤና እየተጠያየቁ ነበር።

ሐሙስ ለይሁዳ ሁለት መቶ ሃምሳ አልኩት። በሠርጌ ዕለት ከአዛውንቱ ሁለት መቶ ሃምሳ አራት ሰው መጣ፤ አራቱ ሳይጠሩ የመጡ ናቸው። እማማ ሸጌን ከቤታቸው ያመጧቸው ጋሼ ደርሶ ናቸው። እማማ ዘነቡ የደወለላቸውን ልጅ ፈልገው ስላጡት ድርሻውን በሳህን ከድነው ለሺራን ሰጡ፤ እሷም ተቀበለች። ጋሼ ደርሶና ሺራን በአዳራሹ ቢሮ አንድ ጠረጴዛ ይጋራሉ። ከሠርጉ በኋላ በነበረው እሁድ አለቃዬ ተጨማሪ ፈረቃ እንድገባ ጠየቀኝ። አልችልም አልኩት። በሴዴር ብሎ ሄደ።