የሙሽራዋ አባት ጉልበት

ደብረ ማርቆስ፣ የሠርጉ ዋዜማ ከሰዓት በኋላ፤ ውጭ ዳስ ይጣላል፤ የሙሽራዋ የውዴ እህት ትርንጎ ከሽንኩርት ክተፋው ሾልካ ጓዳ ገብታ በሩን ዘግታለች፤ አባቷ ይርሳው፣ የወለል ሴራሚክ አንጣፊው፣ በርጩማ ላይ ተቀምጦ የሱሪውን እግር ወደ ታች ይጎትታል።

ትርንጎ፦ አልወጣም አልኩህ። ሱሪህን ሰብስብና አሳየኝ።

ይርሳው፦ አባቷን ሱሪ የምታሰበስብ ልጅ የት አገር ነው የታየችው? ሂጂ ሽንኩርትሽን ክተፊ።

ትርንጎ፦ ሽንኩርቱ እኔን አስለቅሶ ጨርሷል፣ አሁን ተራው ያንተ ነው። ጠዋት ከአልጋ ስትወርድ ግድግዳ ይዘህ ስታቃስት ሰምቼሃለሁ።

ይርሳው፦ የድሮው ነው። ዕድሜዬን ሙሉ ተንበርክኬ የሰው ቤት ወለል ሳነጥፍ ኖሬ ጉልበቴ ባያመኝ ነበር የሚገርመው። የጤና ጣቢያዋ ሲስተርስ ብትሆን ጉልበትህ አልቋል አላለችም?

ትርንጎ፦ መቼ እንዲህ አለች? አጥንትና አጥንት እንዳይፋጭ መሀል ላይ ያለው ልም አጥንት ሳስቷል ነው ያለችህ። መንበርከክ ተው፣ ቦርጭህን ቀንስ፣ ወንበር ላይ ተቀምጠህ እግርህን እያነሳህ ጭንህን አጠንክር፣ ሲብስብህ ማስታገሻ ዋጥ አለችህ። አንተ ከዚያ ሁሉ ምክር ይዘህ የመጣኸው አልቋል የሚለውን ነው፣ እሱንም እሷ ሳትለው።

ይርሳው፦ እግር እያነሱ መጣል የሕፃን ጨዋታ ነው። ደግሞ ለውጡ የሚታየው ከወራት በኋላ ነው ብላኛለች። ሠርግ ወራት ይጠብቃል?

ትርንጎ፦ እሺ፣ አይጠብቅም። ታዲያ ምን አደረግክ?

ይርሳው፦ ምን አደርጋለሁ... ታገምኩ።

ትርንጎ፦ ዋግምት? ጉልበትህ ላይ?

ይርሳው፦ ገበያ ዳር ያለው ሰውዬ፣ የረጋው ደም ይውጣልህ አለኝ። በምላጭ ጫር ጫር አደረገና ቀንዱን ደፋበት። እውነቴን ነው፣ የዚያን ዕለት ቀልሎኝ ነበር። ሙሽራ ቆሜ ልሸኝ ብዬ ነው እንጂ...

ትርንጎ፦ ምላጩ አዲስ ነበር?

ይርሳው፦ በነጠላው ጠረገው።

ትርንጎ፦ እመብርሃን ድረሺ። በል ሰብስብ። ... አባዬ፣ ይኼ ጉልበት ሳይሆን ድፎ ዳቦ ነው። ቀልቶ ያብረቀርቃል። እጄን አቃጠለኝ እኮ። ግንባርህንም አምጣ።

ይርሳው፦ ሙቀቱ የዳሱ ነው፣ የሰው ትንፋሽ...

ትርንጎ፦ ዳሱ ውጭ ነው፣ አንተ ጓዳ ነህ፣ ጥርስህ ደግሞ ይንገጫገጫል። ሲስተሯ በር ድረስ ሸኝታን ምን እንዳለች ረሳኸው? ያረጀ ጉልበት ጠዋት ይደርቃል፣ ደረጃ ላይ ይንቋቋል፣ ግን አይነድም አለች። ከነደደና ትኩሳት ካመጣ ውስጡ መግል ቋጥሯልና በዚያው ቀን ሆስፒታል አምጡት አለች። በዚያው ቀን።

ይርሳው፦ አንቺን ነው ማሳገም የነበረብኝ፣ አፍሽን። ከሠርጉ ማግስት እሄዳለሁ።

ትርንጎ፦ በመርፌ ይቀዱታል፣ በደም ሥርህ መድኃኒት ይሰጡሃል፣ ይድናል። ካደረ ግን የተረፈችህንም ልም አጥንት ይበላታል። ደም ውስጥ ከገባ ደግሞ... እሱን አልጨርሰውም።

ይርሳው፦ ያስተኙኛል?

ትርንጎ፦ ያስተኙሃል።

ይርሳው፦ እንግዲያው አልሄድም። ነገ ውዴ ከቤቴ ስትወጣ የማንን ጉልበት ስማ ትመረቅ? እናታችሁ የለች። እህትሽ ባዶ ወንበር ትሳም?

ትርንጎ፦ ጋሼ ልየው አለ። ያንተው ወንድም ነው።

ይርሳው፦ ልየው? ለእናታችሁ ለቅሶ ድንኳኑ ከፈረሰ በኋላ የደረሰው ሰውዬ? እኔ ተንበርክኬ ያሳደግኳትን ልጅ እሱ ተቀምጦ ሊመርቃት?

ትርንጎ፦ ለውዴ ልንገራትና እሷ ትፍረድ።

ይርሳው፦ ብትነግሪያት ልጄ አይደለሽም። ሠርጉን ጥላ ሆስፒታል በር ላይ ነው የምታድረው፣ ታውቂያት የለም?

ትርንጎ፦ በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም የምትለን አንተ አይደለህ?

ይርሳው፦ ተረቱን ለእናንተ ነው ያስተማርኩት።

ትርንጎ፦ ታዲያ እኔን ምን ሁኚ ነው የምትለኝ? ብናገር ሠርግ አፈረሰች ልባል ነው፤ ዝም ብል አባቴ ዓይኔ እያየ... አንተን ተሸክሜ እንዳልሮጥ አልችልህ። ቀልድም አለቀብኝ።

ይርሳው፦ አታልቅሺ በቃ። የሠርግ ቤት ነው፣ ይሰማል። ይኸው፣ እነሳለሁ። ቆሜ ስታይኝ ታምኛለሽ። እይ... እይ እንግዲህ... ያዥኝ። ያዥኝ፣ ትርንጎ።

ትርንጎ፦ ይዤሃለሁ። ቀስ። ወደ እኔ ተደገፍ።

ይርሳው፦ አልዘረጋም አለኝ እኮ። መሬቱንም ማስነካት አልቻልኩም።

ትርንጎ፦ አውቃለሁ አባዬ። ተቀመጥ። ላብህን ልጥረግልህ።

ይርሳው፦ ማነው በሩን የሚያንኳኳው?

ትርንጎ፦ ጋሼ ልየው ነው። ነገ አንተ የምትቀመጥበትን ወንበር ዳሱ ውስጥ የት እናድርግ እያለ ነው። ምን ልበለው?

ይርሳው፦ ... በጓሮ በኩል ባጃጅ ጥሪልኝ። ልየውን ደግሞ፣ ለራስህ የሚመችህን ወንበር ምረጥ በይው።