ኮከባቸውን የመለሱት የዶክተር ቫሳንታ ሄብባር ዜና ሕይወት

ለዐሥራ ሦስተኛው ቀን መታሰቢያ ማዕድ ከመቅረባችን በፊት፣ የወንድሜ የጉሩራጅ ባለቤት የነበሩትን የዶክተር ቫሳንታን የሕይወት ጉዞ፣ በዕድሜ ትልቁ እኔ ነኝና፣ ቤተሰቡ ባዘዘኝ መሠረት አነብላችኋለሁ።

ዶክተር ቫሳንታ ከአባታቸው ከፖስታ ቤት ሹሙ ከአቶ ሲታራም ሄብባርና ከእናታቸው ከወይዘሮ ካቬሪ እ.ኤ.አ. በ1957 በኩንዳፑራ ከተማ ተወለዱ። እዚያው ተምረው፣ ማይሶር በፊዚክስ በማዕረግ ከተመረቁ በኋላ፣ ባንጋሎር ውስጥ በሥነ ፈለክ የዶክትሬት ዲግሪያቸውን ተቀበሉ። በ1984 ከወንድሜ ጋር በጋብቻ ተሳስረው አንድ ልጃቸውን ሱሃስን ያፈሩ ሲሆን፣ በሠርጋቸው ማግስት ሥራ መግባታቸውን ግን እናታችን እስኪያርፉ ድረስ አልረሱላቸውም።

የዕድሜ ልክ ሥራቸው በመቶ ሺህ የሚቆጠሩ አሮጌ ከዋክብት እንደ ኳስ ተሰብስበው በሚኖሩባቸው ክምችቶች ላይ ነበር። በተራው ብርሃን ከዚያ ግፊያ ውስጥ አንዱን ከሌላው መለየት ጭንቅ ነው፤ ዓይናችን በማያየው በአልትራቫዮሌት ብርሃን ሲታዩ ግን ቀዝቃዛው ብዙኃን ይደበዝዝና፣ ወደ ሞታቸው የተቃረቡ እጅግ የጋሉ ጥቂቶች ብቻ ቦግ ብለው ይቀራሉ። ይህን ብርሃን የምድር አየር ስለሚያግደው፣ አገራችን የራሷን የጠፈር ቴሌስኮፕ እስክታመጥቅ ድረስ በሌሎች አገሮች መንኮራኩሮች መረጃ ላይ ሃያ ዓመት ሠሩ። የእኛው ሲገጣጠምም፣ ትነቱ መስተዋቱን እንዳያደበዝዝ፣ የኮኮናት ዘይት ሳይቀቡና ጃስሚን ጸጉራቸው ላይ ሳይሰኩ አራት ዓመት ኖሩ፤ ይህ ለእኛ አገር ሴት ቀላል ነገር አይደለም።

ቴሌስኮፑ በመጠቀ በዓመቱ፣ በአንዱ ክምችት እምብርት ላይ ከሁሉም የደመቀች ኮከብ አግኝተው፣ የክምችቱ አባል ናት ብለው አሳተሙ። ስማቸው በዓለም ተጠራ፤ ወንድሜም በደስታ የግቢያችን በር ላይ «የኮከቧ ቤት» የሚል የነሐስ ሰሌዳ ሰቀለ። ለአገር አቀፍ ሽልማትም ታጩ።

በዚህ መካከል ተማሪያቸው ናጋቬኒ፣ ሌላ መንኮራኩር የከዋክብትን ጉዞ ለክቶ ካወጣው መዝገብ፣ ያቺ ኮከብ ከክምችቱ ጋር እንደማትጓዝ፣ ይልቁንም ለእኛ ቀርባ በአጋጣሚ ከፊቱ የቆመች መሆኗን ደረሰችበት። የመምህሯን እግር ነክታ ተባርካ ሥራ የጀመረች ልጅ ናትና፣ መምህሯን ማሳፈር ክህደት መስሏት ሰባት ወር ደበቀችው። ሽልማቱ ሊሰጥ ሦስት ሳምንት ሲቀረው ግን፣ እቤታችን መጥታ እያለቀሰች ነገረቻቸው።

«ሰባት ወር ሙሉ እያወቅሽ አፍሽን ዘጋሽ?» አሏት።

«ማዳም፣ በምን አፌ ልንገርዎት?»

«ያከበርሽኝ መስሎሽ ነው? እኔን አሞኝተሽ ልትሸልሚኝ! በይ ፊትሽን ታጠቢና ቁጥሮቹን አሳዪኝ።»

በማግሥቱ ለሸላሚዎቹ ስሜን ሰርዙ ብለው ጻፉ፤ ማረሚያውንም የናጋቬኒን ስም አስቀድመው አሳተሙ፤ በመሥሪያ ቤታቸው የዓርብ ጉባኤ ላይ እሷ ስታቀርብ እርሳቸው ከፊት ወንበር ተቀምጠው አዳመጡ። ቀላል ነበር አልልም። ብዙ ቀን እህል በአፋቸው አልዞረም፤ «አፈርኩ» ብለው ያለቀሱትንም አይቻለሁ። ወንድሜ መፍቻ ይዞ ሰሌዳውን ሊነቅል ሲወጣ ግን፣ «አንተ ሰውዬ፣ ተወው! ኮከብነቷን ማን ነካባት? አድራሻዋን ነው የተሳሳትኩት» ብለው አሳቁን። ከዚያ ወዲህም ከናጋቬኒ ጋር፣ የቀሩትን ኮከቦቻቸውን በሙሉ አንድ በአንድ እንደገና መረመሩ።

ባደረባቸው የኩላሊት ሕመም ሁለት ዓመት ሲታከሙ ቆይተው፣ በተወለዱ በስልሳ ስድስት ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ተለይተዋል።

ከኋላቸው የተዉአቸውን ሰዎች ስም የጻፉት ራሳቸው ናቸው፤ እኔ ቃል አልጨመርኩም። ባለቤታቸው ጉሩራጅ፤ ልጃቸው ሱሃስ፤ ልጃቸው ናጋቬኒ፤ ምራታቸው ሹባ፤ የልጅ ልጃቸው አድቪካ።

ናጋቬኒ፣ እዚያ በሩ ጋ ምን ያቆምሻል? ነይ፣ ከወንድምሽ አጠገብ ተቀመጪ።

አምላክ ነፍሳቸውን በቸርነቱ ተቀብሎ በሰላም ያሳርፍ፤ እኛንም ያጽናን።