ባዶ የሳይክል ቦርሳ

ከበዴሳ ወደ ሶዶ በሚመለሰው ታክሲ ውስጥ ከፊቴ የተቀመጡት ሁለት ጓደኛሞች ይጨቃጨቃሉ። ሳይክሎቻቸው ጣሪያው ላይ ታስረዋል።

«ሰፊ ጎማ ያለው ግዛ አልኩህ፣ ገዛህ። ማርሽ ያለው ይሁን አልኩህ፣ እሺ አልክ። ቦርሳው ትንሽ ይሁን፣ ፍሬሙ ላይ ይታሰር ስልህ ግን እምቢ!» አለ አንደኛው።

«የኋላው ብዙ ይይዛል ብዬ ነው።»

«ያዘልሃ! ጆንያ የሚያህል ቦርሳ በግራ በቀኝ አሰፍተህ!»

«ባዶ ነበሩ እኮ። የዝናብ ልብስ ብቻ ነው የያዝኩት።»

«እሱ ነዋ ጥፋቱ! ባዶ ቦርሳ አንጠልጥለህ አክስትህ ደጅ ትቆማለህ?»

«ደጇን ዝም ብዬ ልለፍ?»

«ጎደሬ ሞላችልህ።»

«እምቢ ብላት ትቀየማለች።»

«አጎትህ ጋስ ምን አስገባህ?»

«እሷ ጋ ገብቼ እሱን ባልፈው እሱም ይቀየማል።»

«እሱም ጎደል ብሏል ብሎ የቦዬ ሥር ጠቀጠቀበት። ይኸው ዳገቱ ላይ የሳይክሉ የኋላ መጫኛ ተሰበረ! ሦስት ቀን በኮረኮንች ልንዞር ወጥተን በአንድ ቀናችን በታክሲ ተመለስን!»

«በቃ፣ ከእንግዲህ ያለ ቦርሳ ነው የምወጣው።»

«ያኔ ከነጆንያው ይሰጡሃል!»

አክስቴ ጎደሬ የሞላችልኝን ዘምቢል ቀስ ብዬ በእግሬ ወደ ወንበሩ ስር ገፋ አደረግሁት።