የመጋረጃው ሙግት

አስታማሚዋ እርጥብ መጋረጃ ታቅፋ ወደ ሰገነቱ ልታሰጣ ስትወጣ፣ ከሥራ ቀድማ ከተመለሰችው የቤቱ እመቤት ጋር ደረጃው ላይ ተገጣጠሙ። እመቤቲቱ አስታማሚዋ የምትንከባከባቸው፣ ስትሮክ የጣላቸው የቀድሞው ልብስ ሰፊ ሽማግሌ ልጅ ናት።

«አበጀሽ፣ የኔ እህት! ስትጨርሺ የልጆቹን ሸሚዝ ተኩሺልኝ» አለቻት።

የአስታማሚዋ አፍ እንደ ልማዱ «እሺ» ሊል ተከፈተ። ይሉኝታ የተጣባት ሰው ነበረች፤ ወገቧ እንቢ ቢልም አፏ እሺ ይላል። ዛሬ ጠዋት የሽማግሌውን ካልሲ ስታወልቅ ያየችው ነገር ግን ቃሉን መለሰው።

«እትዬ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና አልተኩስም። ይህም መጋረጃ የመጨረሻዬ ነው» አለች።

«ምነው? በእናቴ ጊዜ በሽተኛ የሚያስታምም ሰው ቤቱንም ይጠርግ ነበር። ክብርሽ ተነካ?»

«የተነካውስ የአባባ ተረከዝ ነው። ካለመንቀሳቀስ ብዛት ቀልቷል። በየሁለት ሰዓቱ ላገላብጣቸው፣ ደግፌም ላራምዳቸው ይገባ ነበር። ትናንት እኔ ምንጣፍ ስፈትግ እሳቸው ከቁርስ እስከ ምሳ እንደ ተቀመጡ ቀሩ። ቆዳው ከተላጠ ቁስሉ አጥንት ድረስ ይዘልቃል። ጥፋቱ የእኔም ነው፣ በጊዜው አልነገርኩዎትም። ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም፣ እትዬ።»

«ታዲያ እጅሽን አጣጥፈሽ ልትቀመጪ ነው?»

«የአባባ አልጋ፣ ልብሳቸው፣ ምግባቸው፣ ያሉበት ክፍል፣ ይህ የእኔ ነው፤ ማንም አይንካብኝ። የቀረው ቤት የቤተሰቡ ነው።»

በሩ ክፍት ነበርና የሽማግሌው ድምፅ ከውስጥ መጣ፦ «ልጄ! ኮት ሊያሰፋ የመጣ ደንበኛ ጫማዬንም ጥረግልኝ ቢለኝ መቀሱን ነበር የማሳየው። ተያት፣ እግሬን ትመልስልኝ!»

እመቤቲቱ ገብታ የአባቷን ተረከዝ በእጇ ያዘች። «እኔ መስኮት ሳሳምር አባቴን ላቆስል ነበር» አለችና መጋረጃውን ከአስታማሚዋ ተቀብላ ራሷ ልታሰጣ ወጣች።

እንዲህ ነው፤ ወሰን የሌለው እሺታ ደግነት ይመስላል እንጂ የሚጎዳው በሽተኛውን ነው። ሥራው ከተለየ ወዲህ ወንዶቹ ልጆች ሸሚዛቸውን ራሳቸው ተኮሱ፤ ታላቁ አንድ ኮሌታ አቃጥሎ ሙያ ተማረ። የአስታማሚዋ ወገብ አረፈ። ተረከዙም ዳነ።

ወር ሳይሞላ ሽማግሌው በአስታማሚዋ ክንድ ተደግፈው እርምጃቸውን ጮክ ብለው እየቆጠሩ መስኮቱ ጋ ደረሱ። ቤተሰቡ ሁሉ በእልልታ ቤቱን አናጋው። እሳቸው ግን መጋረጃውን ገልበጥ አድርገው አዩና ተቆጡ።

«ይህን ጠርዝ ማነው የሰፋው? ተንሻፏል! መርፌ አምጡ!»

ልጃቸው እያለቀሰችም እየሳቀችም ወደ ጓዳ ሮጠች። አስታማሚዋ ክንዳቸውን እንደ ያዘች ከአጠገባቸው ቆማ ቀረች፤ መርፌ ማምጣት የእርሷ ሥራ አልነበረም።