ተመስግና ልትለቅ የተነሳችው ቆራጭ

ቅዳሜ ረፋድ ዳቦ ልገዛ ስወርድ ጎረቤቴን፣ የልብስ ስፌት ቤቱን ባለቤት፣ ደረጃው ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው። በእጃቸው የተጣጠፈ ወረቀት ይዘዋል።

“መምህር፣ እስቲ ይፍረዱኝ” አሉ። “ትላንት ሠራተኛውን ሁሉ ሰብስቤ፣ ጨርቅ ቆራጬን ወንበር ላይ አቁሜ አስጨበጨብኩላት። ፎቶዋንም ግድግዳ ላይ ሰቀልኩ። ዛሬ ጠዋት መልቀቂያ አስገባች! ሰው ተመስግኖ ይለቃል?”

እኔም ግራ ገባኝ። ሠላሳ ዓመት ሳስተምር ጎበዙን ከሰልፍ ፊት አውጥቶ ከማስጨብጨብ በቀር ሌላ ምስጋና አላውቅም። እሷ ከሄደች ደግሞ ስፌት ቤቱ አለቀለት፤ ደንበኛው የሚመጣው የእሷን አቆራረጥ ብሎ ነው።

አስተዳደር ተምራ በቅርቡ የተመረቀችው የእህታቸው ልጅ ከላይ ስትወርድ ሰማችን።

“አጎቴ፣ ሲጨበጨብላት ፊቷን አይተውታል?”

“አቀርቅራ ነበር። ትሕትና መስሎኝ።”

“አፍራ ነዋ! ካውያ የሚይዘው ልጅ ግን ፎቶዬ መቼ ይሰቀላል ሲል ሁለት ዓመቱ። ለእሱስ ምን አደረጉለት?”

“በጆሮው ‘ጎበዝ’ አልኩት።”

“ተገላበጠ እኮ! ደንበኛ ሳይለኩ ኮት ይሰፋሉ?”

“ምስጋና ኮት ነው እንዴ?” ተቆጡ። “በእኛ ጊዜ አሠሪያችን ካልሰደበን ተመሰገንን ማለት ነበር። ደግሞስ ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል፤ የምትፈልገውን ለምን አልነገረችኝም?”

“ጠይቀዋት ያውቃሉ?”

ሽማግሌው ወደ እኔ ዞሩ። እኔ ወደ ዳቦ ቤቱ ዞርኩ።

ሦስታችንም ወደ ስፌት ቤቱ ሄድን። ቆራጯ መቀሶቿን በጨርቅ እየጠቀለለች ነው።

“ልጄ፣ አስቀይሜሻለሁ መሰለኝ። በምን ባመሰግንሽ ደስ ይልሻል?”

መጠቅለሏን ተወች። “አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ በቆረጥኩ ቁጥር ከኋላዬ እየመጡ በሜትር ደግመው ይለካሉ። ትላንትም ‘የሚተካከላት የለም’ ብለው አስጨብጭበው፣ ወዲያው ሄደው የቆረጥኩትን ለኩ። የቱን ልመን ጋሼ?”

የተማረችውም ልጅ አፏን ያዘች። እፍረት አልነበረም ለካ! ከሦስታችን አንዳችንም አላወቅንም፤ የምታውቀው እሷ ብቻ ነበረች። ለዚህ ነው ሠራተኛ ያለው ሰው ሁሉ ከማመስገኑ በፊት ይጠይቅ የምለው። አንዱ ጭብጨባ ይወዳል፤ አንዷ መታመን ትፈልጋለች፤ ሌላው በጊዜ ወደ ልጆቹ መግባት ይበቃዋል። ጠይቆ ያመሰገነ ሰው ባለሙያው አይሸሸውም፤ ሥራውም ሁለት ጊዜ ከመለካት ይድናል።

ጋሼ ሜትሩን ከአንገታቸው አውርደው ሚስማር ላይ ሰቀሉት። ጠረጴዛው ላይ የተዘረጋውን ጥቁር ሱፍ እያዩ፣

“ይሄ ስንት ኮት ይወጣዋል?” አሏት።

“አራት።”

“አራት ብለሽ ለደንበኛው ደውዪለት” አሉና ሳይለኩት ወጡ።